ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ በመቶ

ሰኞ ጠዋት የዘር መመርመሪያው ቤት ሠራተኛ ሁሉ የመዝገብ ክፍሉን ኮምፒውተር ከቦ ይስቅ ነበር። ስክሪኑ ላይ አንድ የካሮት ዘር የመብቀል አቅሙ ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ በመቶ ነው ይላል። መጋዘን ጠባቂው፣ እንግዲህ አንዷን ፍሬ የዘራ ሰው ዘጠና ሁለት ካሮት ይነቅላል ማለት ነው ብሎ ሾፌሩን በክርኑ ጎሸም አደረገው። ሾፌሩም በበኩሉ እንዲህ ያለውን ምርት የሚችል መኪና ካልተገዛለት ሥራ እንደሚለቅ አስታወቀ። ያልሳቀችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችው የመዝገብ ክፍሉ ባለቤት ነበረች።

ሚዛን ይሏታል። ስሙን ያወጣችላት ታላቅ እህቷ ናት። በልጅነታቸው እናታቸው ዳቦ ገምሳ ስትሰጣቸው ትንሿ ሁለቱን ቁራሽ ጎን ለጎን አስቀምጣ በክር ትለካቸው ነበር። የእህቷ ቢበልጥ ትቆርሳለች፤ የራሷ ቢበልጥም ትቆርሳለች። ይህች ልጅ ወይ ዳኛ ትሆናለች ወይ ታሳብደናለች ይባል ነበር። ዳኛ አልሆነችም። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የመዝገብ አያያዝ ተማረችና እህቷ ወደምትሠራበት ወደዚህ ቤት መጣች። ይኸው አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ አሥራ ስድስቱን የሰው ጽሑፍ ሳታዛባ በመገልበጥ አሳልፋለች።

የቤቱ ሥራ ቀላል ነው። ዘር በከረጢት ይመጣል። ከእያንዳንዱ ከረጢት አራት መቶ ፍሬ ይወሰድና መቶ መቶ እየሆነ በአራት ሳህን እርጥብ ወረቀት ላይ ይደረደራል። ሙቅ ክፍል በሚሉት ክፍል ውስጥ ሰባት ቀን ይቆያል። በሰባተኛው ቀን ቆጣሪዋ የበቀለውን ቆጥራ ከመቶ ስንት እንደሆነ በመቁጠሪያ ወረቀት ላይ ትጽፋለች፣ ትፈርማለች፤ ወረቀቱ ወደ መዝገብ ክፍል ይሄዳል። ሚዛንም የተጻፈውን እንደተጻፈ ወደ ኮምፒውተሩ ታስገባለች። ግማሽ አይጻፍም፤ ወደ ሙሉ ቁጥር ይጠጋል። ለአሥራ ስምንት ዓመት ቆጣሪዋ ታላቅ እህቷ ነበረች።

እህቷ ከሞተች አራት ወር ሆኗል።

አሮጌው የመዝገብ ፕሮግራም ባለፈው ሳምንት ሥራውን አቆመ። ባለሙያዎች መጥተው ከሆዱ የቻሉትን አወጡና ስድስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት ረድፍ አድርገው ወደ ኤክሴል ገለበጡት። «ብቅለት» የሚለውን ዓምድ በፐርሰንት እንዲያሳይ አደረጉትና ሄዱ። ዓምዱ ፐርሰንት ነህ ሲባል የተሰጠውን ቁጥር በመቶ አባዝቶ ምልክቱን ከጎኑ ይለጥፋል። ስለዚህ ዜሮ ነጥብ ዘጠና ሁለት ተብሎ የተጻፈው ዘጠና ሁለት በመቶ ሆኖ በትክክል ወጣ። ዘጠና ሁለት ተብሎ የተጻፈው ግን ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ ሆነ። ጥቂቶቹ ደግሞ ቁጥርነታቸው ጠፍቶ እንደ ተራ ፊደል ወደ ግራ ተለጥፈው ቀሩ።

ነገሩ ለሳቅ ብቻ አልነበረም። ዓርብ መጋዘኑ ይከፈታል። በዚያ ዓምድ ላይ ሰማንያ አምስትና ከዚያ በላይ ያለው ከረጢት ለዘሪዎች ይጫናል፤ የቀረው ይቃጠላል። በተጫነው ከረጢት ሁሉ ላይ የብቅለቱ መጠንና የቆጣሪዋ ስም የተጻፈበት ካርድ ይታሰራል። ከእሷ ወዲህ የፈረመ ቆጣሪ የለምና፣ በሌላ አነጋገር የሞተችው እህቷ ስም ነው ዓርብ መንገድ የሚወጣው።

ኃላፊው ስንት ቀን እንደሚፈጅባት ሲጠይቃት እያንዳንዱን ረድፍ ከወረቀቱ ጋር ለማስተያየት ሦስት ሳምንት አለችው። እሱ ደግሞ ዘሪዎቹ ዝናቡን እንጂ እሷን እንደማይጠብቁ ነገራት። በግምት እንደማትሠራ ነግራው ወደ ወረቀቶቿ ተመለሰች።

በመዝገብ ክፍሉና በሙቁ ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ጣውላ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት ወጣት ሴት የእህቷ ረዳት ሆና ከተቀጠረች ወዲህ ከዚያ ጣውላ ጀርባ ሳቅ ይሰማ ጀመር። ሴቲቱ በገባች በሳምንቱ ሠራተኛው ሁሉ ቅመም ብሎ ጠራት፤ ያለችበት ቦታ ሁሉ ይጣፍጣል እንደማለት። እህቷን «እትዬ» ትላታለች፤ እንደዚያም ሆኖ «አንቺ» እያለች ነው የምታዋራት። ሚዛንን ግን «እርስዎ» ትላታለች።

እትዬ የሚለው ቃል የሚዛን ነበር። መናገር ስትጀምር ከእማማ ቀጥሎ ከአፏ የወጣው እሱ ነው። አሁን በጣውላው በኩል በሰው አፍ እየተንከባለለ ሲመጣ ስትሰማ ብዕሯን ታስቀምጥና እስኪያልፍ ትጠብቃለች። ማታ ቤት ሲገቡ እህቷ ደክሟታል። ሁለቱም አላገቡም፤ እናታቸው ትታላቸው በሄደችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት አብረው ነበር የሚኖሩት። እህቷ እራቷን ቀማምሳ ሶፋው ላይ ጋደም ትላለች፣ ሚዛን ስለ ቀኑ ብትጠይቃት ያው ነው ትላለች፣ ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች። ሳቋን እዚያ ጨርሳ ድካሟን ለእኔ ይዛ ትመጣለች፣ ትል ነበር ሚዛን በልቧ። አንድም ቀን አውጥታ አልተናገረችውም።

በቀብሩም ቀን ቢሆን ከሰው ፊት ቆማ ያለቀሰችው ቅመም ናት። ሚዛን እንባዋን የምትውጥ ሴት ናት። በዚያ ላይ የመጣውን ሰው በልቧ ትቆጥር ነበር፤ ለምን እንደሆነ አታውቀውም፣ እጇ ሥራ ሲፈታ ትቆጥራለች። ሰዎቹ ተሰልፈው ሲመጡ በቅድሚያ የቅመምን እጅ ጨበጡ፤ እህቷ አንቺ ነሽ አይደል እያሉ አጽናኗት። አሥራ አንድ ሰው እንደዚያ አደረገ። አሥራ አንዱንም ታስታውሳቸዋለች።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ኃላፊው ቅመምን አስከትሎ መዝገብ ክፍል ገባ። ቅመም ነጭ ጋወኗን እንደለበሰች ነው፤ እርስዎን ካልከፋዎት ልሞክረው አለች። ሚዛን ተነሳችላት። ቅመም በሰው ወንበር ላይ ለመቀመጥ ያፈረች ይመስል ጫፉ ላይ ጠጋ ብላ ከዓምዱ ጎን አዲስ ዓምድ ከፈተችና አንድ ፎርሙላ ጻፈች። ትርጉሙ አጭር ነው፦ ከአንድ የሚበልጠውን ሁሉ ለመቶ አካፍል፣ የቀረውን እንዳለ ተወው። ግራ የተለጠፉትንም በአንድ ትእዛዝ ወደ ቁጥርነታቸው መለሰቻቸው። ከዚያ የሴሉን ጥግ ይዛ ወደ ታች ስትስበው እነዚያ ሁሉ ሺዎች ደርዝ ያዙና ዘጠና ሁለት፣ ሰማንያ ሰባት፣ ዘጠና አራት እየሆኑ ወረዱ። ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ሚዛን ሰዓቷን አይታለች።

ኃላፊው ሦስት ሳምንት የተባለው ይኼ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ክፋት አልነበረውም፤ ሚዛን ግን ጆሮዋ ሥር ሲሞቃት ተሰማት። እሱም ቀጠለና ዓርብ በስብሰባው የሙቁ ክፍል ኃላፊ ማን እንደሚሆን እንደሚገለጽ አስታወሳቸው። ሲናገር የሚያየው ቅመምን ነበር።

ሚዛን ይህን ከማን እንደተማረችው ጠየቀቻት። ቅመም ከወንበሩ እየተነሳች፣ «እትዬ ናት ያሳየችኝ» አለች።

እህቷ ቤት ስትሆን ኮምፒውተር ገና ሲያየኝ ይሸሸኛል የምትል ሴት ናት። ስልኳ ላይ መልእክት እንኳ የምትጽፍላት ሚዛን ነበረች፤ አንዷ ሶፋው ላይ ሆና ትናገራለች፣ ሌላዋ ትጽፋለች። ለካ እዚህ ፎርሙላ ታስተምር ኖሯል።

ረቡዕን ሙሉ ሚዛን ስሕተት ስትፈልግ ዋለች። እንደዚያ ቀን ሥራ ጥሟት አያውቅም። ሌላው ሰው ቁጥር ያያል፤ እሷ ከቁጥሩ ጀርባ ከረጢቱን፣ ከረጢቱ የመጣበትን ቀን፣ የተቀመጠበትን መደርደሪያ ታያለች። ከሰዓት በኋላ ጣቷ ቁጥሩ አንድ መቶ አሥራ አራት የሆነ የሽንኩርት ዘር ከረጢት ላይ ሲደርስ ቆመ። ይህን ከረጢት ታውቀዋለች። የመጋዘኑ ጣሪያ ሲያፈስ ውሃ የወረደው እሱ ላይ ነበር፤ ሽታው እስከ ኮሪደሩ ይመጣ ነበር። ቅመም ያስተካከለችው ዓምድ ግን መቶ በመቶ ይለዋል።

ምክንያቱን ለማግኘት አንድ አፍታ እንኳ አላስፈለጋትም። መቁጠሪያው ወረቀት ላይ የተጻፈው አንድ ነው፤ አንድ በመቶ። ፎርሙላው ደግሞ ከአንድ የሚበልጠውን አካፍል ነው የሚለው። አንድ ከአንድ አይበልጥም። ሳይካፈል አለፈ፣ የፐርሰንቱ ዓምድ በመቶ አባዛው፣ የበሰበሰው ሽንኩርት ከሁሉ የተሻለ ዘር ሆኖ ቁጭ አለ። ሙሉ መቶ የሚሉትን ብቻ ለይታ ስታወጣ ሠላሳ አንድ ሆኑ።

አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ለማንም አልተናገረችም። ዓርብ ሁሉም በተሰበሰበበት፣ ኃላፊው ቅመምን አመስግኖ ሳይጨርስ እጇን ቀስ አድርጋ ታወጣለች። ይቅርታ፣ ስለ አንድ መቶ አሥራ አራት ጥያቄ ነበረኝ፣ ትላለች። ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገዱን ሙሉ ይህችን ዓረፍተ ነገር ስትለማመዳት ሄደች። «ይቅርታ» የሚለውን ትንሽ ዝቅ ብታደርገው እንደሚሻል አውቶቡስ ውስጥ ወሰነች።

ሐሙስ ጠዋት ማኅተም እንድትመታባቸው የከረጢት ካርዶች ታትመው ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ማኅተሙን አንስታ አንድ በአንድ መምታት ጀመረች። ሃያኛው ላይ ይሁን ሃያ አንደኛው ላይ፣ ለአንድ ጊዜ ቆጠራው ጠፋባት፣ አንድ መቶ አሥራ አራት ወጣ። ብቅለት፦ መቶ በመቶ። ከሥሩ የእህቷ ሙሉ ስም።

አንድ ዘሪ መሬቱን ቆፍሮ፣ አለስልሶ፣ ያን ሽንኩርት ዘርቶ፣ ውሃ እያጠጣ ሲጠብቅ ታያት። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ከዚያ ካርዱን ከአጥሩ ሥር አንስቶ ስሙን ሲያነብ። ሰውዬው ቅመም የምትባል ሴት መኖሯን አያውቅም። የሚረግመው ካርዱ ላይ ያለችውን ነው። ዓርብ በስብሰባው ብትናገር ደግሞ ካርዶቹ ማለዳ ታስረው፣ ግማሹ መኪና ወጥቶ ይሆናል። ማኅተሙን አስቀመጠች።

ሠላሳ አንዱ ሁሉ የተበላሹ አይደሉም፤ ከእነሱ ውስጥ እውነተኛ ሙሉዎች አሉ። ለመለየት የመጀመሪያው ቅጂ ያስፈልጋታል። ባለሙያዎቹ የሰጧትን ፋይል ማንም ሳይነካው በፊት ገልብጣ አስቀምጣው ነበር፤ እሷ ሁሉን ነገር ገልብጣ ታስቀምጣለች። ከፈተችው። ረድፎቹን በቀን ደረደረችና ከላይ ወደ ታች ወረደች።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ንጹሕ ናቸው። ሙሉ የሆኑት አንድ ተብለው፣ የቀሩት ሁሉ በዜሮ ነጥብ የተጻፉ፣ ሁሉም በትክክል የወጡ፤ የእህቷ አጻጻፍ ነው። የዛሬ አሥራ ስምንት ወር ገደማ አንድ ዘጠኝ ሺህ ብቅ ይላል። በሚቀጥለው ወር አራት። ከዚያ አሥር። ከዚያ ግማሽ በግማሽ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት፣ እህቷ አልጋ ላይ ከመዋሏ በፊት ባሉት፣ በዜሮ ነጥብ የተጻፈ ቁጥር የለም።

ሰው ሥራ በያዘ በአሥራ ሰባተኛው ዓመት አጻጻፉን እንዲህ ቀስ በቀስ አይቀይርም። የሌላ ሰው እጅ ነው። ፊርማው የእህቷ፣ ቁጥሩ የሌላ ሰው።

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አላት። የመጀመሪያውን ዘጠና ሁለት ወረቀት ላይ ስታየው ገርሟት ነበር። እህቴ ምን ነካት ብላ ወረቀቱን ይዛ እስከ ሙቁ ክፍል በር ሄዳለች። እጇን ለማንኳኳት ስታነሳ ከውስጥ ሁለት ሴቶች ሲስቁ ሰማች። ረጅም ሳቅ ነበር። በሩ ላይ ጥቂት ቆማ ተመለሰችና የተጻፈውን እንደተጻፈ አስገባችው። ከዚያ ቀን በኋላም ሳትጠይቅ አስገባች።

ሠላሳ አንዱን ወረቀት ይዛ ተነሳች። በዚህኛው ጊዜ አንኳኳች።

ቅመም ሳህን ላይ ጎንበስ ብላ በወረንጦ ቡቃያ እያነሳች ነበር። ሚዛን ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ማን እንደቆጠራቸው ጠየቀቻት።

«የፈረመችው እትዬ ናት።»

«የፈረመችውን አልጠየቅኩሽም።»

ቅመም ወረንጦዋን አስቀመጠች። እጇን በጋወኗ ጠረገች፤ ደርቆ ነበር፣ ግን ደጋግማ ጠረገችው። ከዚያ ቀስ እያለች ተናገረች። የእህቷ ዓይን የዛሬ አሥራ ስምንት ወር ነው መታመም የጀመረው። አንዷን ቡቃያ ሁለት አድርጋ ታያለች፣ ሌላዋን ጭራሽ ትዘላለች። አንድ ቀን ስልሳ አንድ ብላ የጻፈችውን ሳህን ቅመም ብትቆጥረው ዘጠና ሆነባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅመም ከኋላዋ እየቆጠረች ታርመው ጀመር። መጀመሪያ ላይ አንዳንዱን ነበር፤ በኋላ ሁሉንም። ቁጥሩን ቅመም ትጽፋለች፣ እትዬ ትፈርማለች። ቅመም ትምህርት ቤት የተማረችው በመቶ መጻፍን ስለሆነ ዘጠና ሁለት ብላ ትጽፋለች፤ ዜሮ ነጥቡ ለውጥ ያመጣል ብላ አላሰበችም። ሕመሙ ከዓይን አልፎ ወደ ጭንቅላት መሆኑን ያወቁት በኋላ ነው።

ሚዛን ቆማ ሰማች። «ለምን ለእኔ አልነገረችኝም?»

«አይቀየሙኝም?»

«ንገሪኝ።»

«ሚዛን ካወቀች ትመዘግበዋለች፣ አለችኝ።»

ሚዛን ውሸት ነው ልትል አፏን ከፈተችና ዘጋችው። ትመዘግበው ነበር። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የትኛው ዓይን እንደሆነም ጭምር። ደንቡም እንደዚያ ነው፤ ኃላፊው በማግስቱ እህቷን ከሳህኖቹ ያርቃት ነበር። እህቷ አሥራ ስምንት ዓመት ከሠራችው ሥራ እንዳትለይ ከማን መደበቅ እንዳለባት በደንብ አውቃለች።

ቅመም ንግግሯን ቀጠለች። ሰኞ ዕለት ሁሉም በሺዎቹ ሲስቅ እሷ የሳቀችው ላለመታወቅ ነው። ዘጠኝ ሺህዎቹ በሙሉ የራሷ ነበሩ። የእትዬ ገመና አደባባይ የተሰጣ መሰላት። ማክሰኞ እየሮጠች የመጣችውም ሌላ ሰው ሳያስተውል ዓምዱን አንድ ዓይነት ለማድረግ ነው። ስትቸኩል አንድን ረሳች።

ሚዛን የምታስበው ሌላ ነበር። በሕመሟ ዓመት ሙሉ እህቷን ከጎኗ ቆሞ የጠበቃት ሰው ይኸው ፊት ለፊቷ ቆሟል፤ እህቷ የተጠበቀችው ደግሞ ከእሷ ከሚዛን ነበር። እስከዚያ ቀን ቅናት የምትለው ነገር የሳቅ ቅናት ነበር። ይኼኛው ግን ሌላ ነው። የእህቷን ሳቅ ወስዳብኛለች ስትል ሕመሟንም ወስዳባት ኖሯል።

«የመጀመሪያዋን ቁጥርሽን አይቼ ልጠይቅ መጥቼ ነበር» አለች በመጨረሻ። «በሩ ላይ ስትስቁ ሰማሁና ተመለስኩ። ምን ነበር ያሳቃችሁ?»

ቅመም አሰበች። «ያን ሰሞን ምንም የሚያስቅ ነገር አልነበረም። እትዬ ስትፈራ እኮ ነው የምትስቀው።»

ይህን ሚዛን ታውቀው ነበር። ልጆች ሳሉ ነጎድጓድ ሲመታ ትንሿ ብርድ ልብስ ውስጥ ትገባለች፣ ትልቋ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ትንከተከታለች። እናታቸው ይህቺን ሳቋን ሰምታ ነበር ተነስታ የምትመጣው። ታውቀው ነበር፤ ሳቁ ከሌላ ሴት ሳቅ ጋር ተደባልቆ በጣውላ በኩል ሲመጣባት ነው የጠፋባት።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ወረቀቶቹን በቀን አደረገቻቸው። ከሠላሳ አንዱ ሃያ ሁለቱ ቅመም መቁጠር ከመጀመሯ በፊት የተጻፉ ናቸው፤ እነሱ የእህቷ ሙሉዎች ናቸውና መቶ በመቶ ሆነው ይቆያሉ። ዘጠኙ ግን ሁለቱም እጆች በሠሩበት ጊዜ የተጻፉ ናቸው። ዘጠና ሁለትን ዜሮ ነጥቡ ይለየዋል፤ አንድን ምንም የሚለየው የለም። እህቷ ስትጽፈው ሙሉ ነው፣ ቅመም ስትጽፈው ከመቶ አንድ ብቻ በቀለ ማለት ነው።

ቅመም ስምንቱን አስታወሰቻቸው። ይህ ሽንኩርት ጣሪያው ያፈሰሰበት ነው፣ የኔ። ይህ ቲማቲም እትዬ ሙሉ ሲሆንላት ደስ ብሏት ያሳየችኝ ነው፣ የሷ። ይህ ሰላጣ ነቀዝ የበላው። ሚዛን በእርሳስ ምልክት እያደረገች ተከተለቻት። ዘጠነኛው የጥቅል ጎመን ዘር ነበር። ቅመም ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙራ አየችውና የራሷ እንደሚመስላት ተናገረች።

ሚዛን ነጠቀቻት። የእህቷን አንድ የማታውቅ መስሏት ከሆነ ተሳስታለች። እህቷ አንድን ስትጽፍ ከእግሩ ሥር አጭር መስመር ታሰምርበታለች፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ። ይኸው መስመሩ። ቅመም እሷም እንደዚያ እንደምትጽፍ ብትናገር፣ ሚዛን ከየት አምጥተሽ አለቻት። ቅመም የጎመኑን ሳህን ሽታ እንኳ እንዳልረሳችው ተናገረች። ሚዛን ሽታ ማስረጃ እንደማይሆን፣ መዝገብ ቤት ሽታ የሚቀመጥበት ፋይል እንደሌለ ነገረቻት።

«አንቺ ደግሞ» አለች ቅመም፣ «አንድን አንድ አልሽና ሰው ልትገድይ ነው እንዴ?»

ካለችው በኋላ ነው የሰማችው። አንቺ ብላታለች። ሚዛን ማረም ትችል ነበር፤ ስታርም የኖረች ሴት ናት። አላረመችም። ብቻ ከከረጢቱ አራት መቶ ፍሬ ቆጥራ እንድታወጣ፣ አራት ሳህን እንድታዘጋጅ ነገረቻት። ቆጠራው የሚደርሰው በሚቀጥለው ሐሙስ ነው። እስከዚያ የጎመኑ ከረጢት አይጫንም፣ አይቃጠልም። በአሥራ ስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሚዛን አንድ ሴል ባዶውን ተወችው።

ሙቁን ክፍል ለቃ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆመች። «ስልኳ ላይ እኔን ለምን ታስጽፈኝ ነበር? መጻፍ ካወቀች።»

ቅመም ዘሩን መቁጠሯን ሳታቆም መለሰችላት። «አጠገቧ ስትቀመጪ ደስ ይላት ነበራ።»

ዓርብ በስብሰባው ኃላፊው ስለ ባዶው ሴል ጠየቀ። ሚዛን ተነስታ ከአንድ የሚበልጠውን ስናካፍል አንድን ራሷን ረሳናት፣ አሁን ተስተካክሏል፣ አንዷ ግን እንደገና እየተቆጠረች ነው አለች። ረሳናት ነው ያለችው። ቅመም ወለሉን አየች። የመጨረሻዎቹ ወራት ረድፎች ላይ ቆጣሪ ከሚለው ሥር ከእህቷ ስም ቀጥሎ የቅመም ስም መግባቱንም አስታወቀች፤ ሁለት ሰው የሠራውን ሁለት ሰው ብሎ መጻፍ ደንብ ነው። ዓይን የሚል ቃል መዝገቡ ውስጥ የለም። ኃላፊው ረዳት መቁጠሯ ምን ይገርማል ብሎ አለፈው። ቀጥሎ የሙቁ ክፍል ኃላፊ ቅመም መሆኗን ሲገልጽ ቤቱ አጨበጨበ። ሚዛን ሦስት ጊዜ አጨበጨበች።

በሚቀጥለው ሐሙስ ከሁሉም ቀድማ ገባች። ቅመም ሳትመጣ ልትቆጥር ፈልጋ ነው፤ ያን ሳምንት ሙሉ ያቺ አንድ የእህቷ እንድትሆንላት ስትመኝ ከርማለች። አራት መቶውም በቅለው ብታገኛቸው አንዲት ነገር፣ አንዲት ጭረት፣ እሷ ብቻ የምታውቃት የእህቷ ነገር ትኖራታለች። የመጀመሪያውን ሳህን ክዳን አነሳች። አንድ ቡቃያ። ሁለተኛው ላይ ሁለት። ሦስተኛው ላይ ምንም። አራተኛው ላይ አንድ፣ እሷም ገና አንገቷን ያላቀናች። የቀሩት ሦስት መቶ ዘጠና ስድስቱ እርጥቡ ወረቀት ላይ እንደተደረደሩ ናቸው። እንደገና ቆጠረች። አራት ነው። ከመቶ አንድ።

ቅመም ስትገባ ክዳኖቹ ተከፍተው ሚዛን ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ጎንበስ ብላ ሳህኖቹን አንድ በአንድ አየች።

«ያንቺ ናት» አለች ሚዛን።

መዝገብ ክፍሏ ሄዳ ባዶው ሴል ውስጥ ዜሮ ነጥብ ዜሮ አንድ ጻፈች፤ ዓምዱ አንድ በመቶ ብሎ አሳያት። ትክክል ነው። ከዚያ የጎመኑን መቁጠሪያ ወረቀት አውጥታ ረጅም ጊዜ አየችው። ያ አንድ የእህቷ አንድ ነበር፤ ቁመቱ፣ ዘመም ማለቱ፣ ከእግሩ ሥር ያለችው አጭር መስመር። ዕድሜዋን ሙሉ ያየችው ጽሑፍ ነው። የእህቷ ግን አልነበረም።

አንድ ንጹሕ ወረቀትና እርሳስ ይዛ ወደ ሙቁ ክፍል ተመለሰች። ቅመም ሳህኖቹን እያጠበች ነበር። እስቲ እጅሽን አድርቂና አንድ ጻፊልኝ አለቻት። ቅመም ግራ እንደገባት እርሳሱን ተቀብላ ጻፈች፤ ከላይ ወደ ታች ዘመም ያለ ጭረት፣ ከዚያም ሳታስበው ከእግሩ ሥር አጭር መስመር።

«እትዬ ናት ያስለመደችኝ» አለች። «አንድሽ ይወድቃል፣ መቆሚያ ስጪው፣ ትለኝ ነበር።»

ለሚዛንም ብላታለች፤ አንደኛ ክፍል እያለች፣ እጇን በእጇ ይዛ። ሚዛን ግን የመጽሐፉን አጻጻፍ መርጣ መስመሩን እንቢ ብላ ነበር። ቅናቱ አልወጣላትም። ወረቀቱን አንስታ ወደ ብርሃኑ አደረገችው፣ አየችው፣ ከዚያ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና በጣቷ ወደ ቅመም ገፋችው።

«ድገሚው» አለቻት።